በግል ክሊኒክ ብጉርን ማሳከም ስንት ያስወጣል? ከመጀመሪያው ካርድ እስከ መጨረሻው ደረሰኝ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል የቆዳ ሕክምና ክሊኒክ ታናሽ እህቴን ከከባድ ብጉር ለማሳከም የወጣውን ገንዘብና በገንዘቡ የተገኘውን አገልግሎት ይገመግማል። የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም፤ የማነሣው ቅሬታ ከአንድ ቤት ጠባይ ይልቅ የግል ሕክምና የሚሸጥበትን መንገድ የሚመለከት ነው። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች በ2017 ዓ.ም. ከተቀበልኳቸው ደረሰኞች የተወሰዱ በመሆናቸው የእኛን ወጪ እንጂ የከተማውን ሁሉ ተመን አያሳዩም። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ የሐኪሟ ሥራ ከተከፈለበት በላይ ዋጋ ነበረው፤ በሐኪሟ ክፍል ዙሪያ የተደረደረው ሽያጭ ግን አብዛኛው ባይገዛ በሽተኛው የሚቀርበት ነገር የለም።

በመጀመሪያ ወደዚያ የወሰደን ምክንያት ግልጽ ይሁን። እህቴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ብጉሩ በግንባሯ ጀምሮ ወደ ጉንጭና አገጭ ከወረደ በኋላ ከቆዳው ሥር የሚቋጥር፣ ሲነካ የሚያምም፣ ሲድንም ጉድጓድ ጥሎ የሚሄድ ዓይነት ሆነ። እናታችን እንደ ብዙ እናቶች «ስታገባ ይለቃታል» እያለች ታጽናናት ነበር፤ ጎረቤት ሎሚና እርድ፣ ጓደኛ ደግሞ የጥርስ ሳሙና መከሩ። የመሥሪያ ቤቴ የጤና መድን ብጉርን እንደ ውበት ጉዳይ ቆጥሮ እንደማይሸፍን በጽሑፍ መልስ ሰጠኝ። ፊት ላይ የሚቀር ጠባሳ የውበት ጉዳይ ነው ቢባል እንኳ፣ ጠባሳውን የሚያመጣው እብጠት በሽታ መሆኑ አያከራክርም። ያም ሆነ ይህ ከኪስ መክፈል ግድ ሆነ።

ወጪው የሚጀምረው ከካርድ ነው። በዚህ ክሊኒክ የስፔሻሊስት ካርድ 700 ብር ነው፤ የሚያገለግለውም ለ10 ቀናት ብቻ ነው። ጉንፋን ይዞት ወይም ሆዱን አሞት ለመጣ ሰው 10 ቀን በቂ ሊሆን ይችላል። ብጉር ግን መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚለየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ፣ ሙሉ ውጤቱም ከሦስት ወር በኋላ በመሆኑ ሐኪሙ የሚሰጠው ቀጠሮ ሁሉ ከካርዱ ዕድሜ በላይ ይርቃል። ስለዚህ በሽተኛው ሐኪሟ በያዙለት ቀጠሮ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ካርድ ያወጣል። እንግዳ ተቀባይዋን ይህንን ስጠይቃት በትሕትና «አሠራራችን ነው» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበራትም። በሙያዬ የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ይህ አሠራር በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም፤ ለረጅም ሕክምና የሚመጣ ሰው የሚከፍለው የምርመራ ዋጋ ካርዱ ላይ የተጻፈው ሳይሆን የዚያ ብዙ እጥፍ መሆኑን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር። እንደዚህ ላለ በሽታ የሦስት ወር ወይም የስድስት ወር ካርድ በቅናሽ ቢዘጋጅ ክሊኒኩም ደንበኛውን አያጣም።

የጥበቃው ጊዜ መጠነኛ ነበር። ብዙዎቹ የቆዳ ስፔሻሊስቶች ቀን በመንግሥት ሆስፒታል ሠርተው ወደ ግል ክሊኒክ የሚመጡት አመሻሽ ላይ በመሆኑ ከሥራና ከትምህርት ሳይቀሩ መታየት ይቻላል፤ ካርዱ ከሚገዛቸው ነገሮች አንዱ ይህ ሰዓት ነው። መቀበያው ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ግን «በፊት» እና «በኋላ» በሚሉ ፎቶግራፎች የተሞላ ስለሆነ በሽተኛው ሐኪሙ ዘንድ ሳይደርስ በፊት በማሽን ለሚሰጠው የቆዳ ሕክምና እንዲጓጓ ይደረጋል።

ሐኪሟ ዘንድ ስንገባ ግን ሌላ ዓለም ሆነ። ቸኩለው ማዘዣ አልጻፉም። ብጉሩ መቼ እንደጀመረ፣ ከወር አበባ ጋር ይባባስ እንደሆነ፣ የወር አበባዋ ይዛባ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደተቀባች በዝርዝር ጠየቋት። የወር አበባ መዛባት፣ በፊት ላይ የሚበቅል ጸጉርና ብጉር አብረው ከታዩ መነሻው የሆርሞን ችግር ሊሆን ስለሚችል ሕክምናውም እንደሚለይ አስረዱን። ከዚያ የጸጉሯን ጉዳይ አነሡ። ቅቤም ሆነ ወፍራም የጸጉር ቅባት ወደ ግንባር እየወረደ የቆዳን ቀዳዳ ስለሚደፍን በጸጉር መስመር ላይ ጥቃቅን ብጉር ያመጣል፤ ስለዚህ መቀባት ካለባት ከግንባሯ አርቃ እንድትቀባ፣ ስትተኛም ጸጉሯን ሸፍና የትራስ ልብሷን ቶሎ ቶሎ እንድታጥብ ነገሯት። ይህ ምክር ሳንቲም የማያስወጣ ነው፤ የግንባሯ ጥቃቅን ብጉርም በአብዛኛው የቀነሰው ከዚህ በኋላ ነው።

ከሁሉ የበለጠው ጥያቄያቸው ግን ስለ ክሬም ነበር። እህቴ ጥቁረቱን ያጠፋል ተብላ ከኮስሞቲክስ ሱቅ የገዛችውን፣ ጽሑፉ በቅጡ የማይነበብ ክሬም ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻቸው። በየሱቁ ያለ ማዘዣ ከሚሸጡት የማቅያ ክሬሞች ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የተባሉ ጠንካራ ስቴሮይዶችን የያዙ አሉ። ሲቀቧቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቅላቱንና እብጠቱን ስለሚያከስሙ ሰው መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ይደሰታል፤ ሲቆይ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ራሳቸው ብጉር ያመጣሉ፣ ሲቆሙም ፊቱ እንደ እሳት ይነዳል። ሐኪሟ ክሬሙን ያስቆሟት ስታቆም ሊመጣ የሚችለውን መባባስ አስቀድመው ነግረዋት ነው። ያን ባይነግሯት ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ፊቷ ሲብስ ሕክምናውን ጥላ ወደ ክሬሙ መመለሷ አይቀርም ነበር። በግል ክሊኒክ የሚከፈለው 700 ብር ተገቢ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ዓይነቱ ውይይት ነው።

የመጀመሪያው ዙር ሕክምና ርካሽ ነበር። ማታ ማታ በአተር ፍሬ መጠን የሚቀባ አዳፓሊን (የቆዳ ቀዳዳ እንዳይደፈን የሚረዳ) እና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ (ባክቴሪያ የሚገድል) የተቀላቀሉበት ጄል፣ ከዚያ ጋር ለሦስት ወር የሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን ታዘዘላት። ዶክሲሳይክሊን አሮጌና ርካሽ አንቲባዮቲክ ነው፤ በብዙ ውኃ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ካልተዋጠ ጉሮሮን ይልጣል፣ ቆዳንም በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። አንቲባዮቲክ ብቻውን ሲወሰድ ባክቴሪያው ስለሚለምደው ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱ አብሮ መኖሩ ግድ መሆኑን ሐኪሟ አስረድተዋል። ፎጣና የትራስ ልብስ እንደሚያነጣ ግን ማንም አልነገረንም፤ ይህንን ለመጻፍ ያስገደደኝ የእናታችን ቁጣ ነው። በዚህ ዙር ሁለት ካርድ 1,400፣ ሁለት ቱቦ ጄል 2,200፣ ዶክሲሳይክሊኑ ደግሞ 600፣ በድምሩ 4,200 ብር ወጣ። ቀላልና መካከለኛ ብጉር ያለበት ሰው ከዚህ ዙር አልፎ ላይሄድ ስለሚችል በግል መታከም ሁልጊዜ ኪስ ያራቁታል ማለት ትክክል አይደለም። ሌሎች ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት ሦስቱ ወር ሳይሞላ ሐኪም በመቀያየር ነው፤ በእያንዳንዱ ቤት አዲስ ካርድ፣ አዲስ ቅባትና አዲስ ተስፋ ይገዛሉ።

የእህቴ ብጉር የቀነሰው በከፊል ብቻ ነበር፤ የቋጠረውና ጠባሳ የሚጥለው ዓይነት አልለቀቀም። በዚህ ጊዜ ሐኪሟ አይሶትሬቲኖይን የተባለውን እንክብል አነሡ። ይህ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ መድኃኒት ሮሽ በተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ተሠርቶ በ1982 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን፣ የወዝ ዕጢዎችን በማኮማተር ብጉርን ከሥሩ የሚያደርቅ ከሌሎቹ ሁሉ የበረታ ሕክምና ነው። አሁን ብዙ ፋብሪካዎች ስለሚሠሩት በዓለም ገበያ ብርቅ አይደለም። የወጪው ትልቁ ክፍል የሚመጣው ግን ከዚህ በመሆኑ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

አይሶትሬቲኖይን የሚታዘዘው በሰውነት ክብደት ነው። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊግራም፣ በጠቅላላው ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ120 እስከ 150 ሚሊግራም እስኪደርስ ይወሰዳል የሚለው ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ልማድ ነው። ይህ ማለት የሕክምናው ጠቅላላ የመድኃኒት ዋጋ በመጀመሪያው ቀን፣ ሚዛን ላይ ከወጡ በኋላ በሁለት መስመር ሒሳብ ሊታወቅ ይችላል ማለት ነው። እህቴ 54 ኪሎ ናት። 54 በ120 ሲባዛ 6,480 ሚሊግራም ይሆናል፤ ይህም ባለ 20 ሚሊግራሙ 324 እንክብል ነው። አንድ ፓኬት 30 ፍሬ ስለሚይዝ 11 ፓኬት ያስፈልጋል። በክሊኒኩ ውስጥ ያለው ፋርማሲ አንዱን ፓኬት በ2,400 ብር ይሸጣል፤ ያንኑ ፓኬት፣ ያንኑ ፋብሪካ፣ ከክሊኒኩ ብዙም ሳይርቅ በሌላ መድኃኒት ቤት በ2,050 ብር አግኝቼዋለሁ። በ11 ፓኬት ልዩነቱ 3,850 ብር ነው። ይህንን ስሌት በክሊኒኩ ውስጥ የሠራልኝ ሰው የለም። ሐኪሟ ስለ ሚሊግራሙ ነገሩን፣ ፋርማሲው ስለ አንዱ ፓኬት ዋጋ ነገረን፤ ሁለቱን አባዝቶ «ጠቅላላ ወጪያችሁ ወደ 25,000 ብር ይጠጋል» የሚል ግን አልነበረም። በየወሩ በሚከፈለው ተደናግጠው ሕክምናውን ከመንገድ የሚያቋርጡ ሰዎች የሚፈጠሩት በዚህ ዝምታ ይመስለኛል። መድኃኒቱን በሦስተኛው ወር ማቋረጥ ደግሞ የወጣውን ገንዘብ ሁሉ ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ ጠቅላላው መጠን ሳይሞላ ሲቀር ብጉሩ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራልና።

የቀኑ መጠንም ኪስ ላይ የራሱ ተጽዕኖ አለው። አንድ ቀን አንድ፣ በማግሥቱ ሁለት እንክብል፣ ማለትም በአማካይ በቀን 30 ሚሊግራም ሲወሰድ ሕክምናው በሰባት ወር ገደማ ያልቃል። በቀን አንድ ብቻ ከሆነ ግን ወደ 11 ወር ይዘልቃል። የእንክብሉ ብዛት ሁለቱም ጋ አንድ ነው፤ የሚጨምረው የካርዱ ቁጥር ነው። በሰባት ወሩ ከመጀመሪያው ጋር ስምንት ካርድ፣ ማለትም 5,600 ብር ሲከፈል በ11 ወሩ 12 ካርድ፣ ማለትም 8,400 ብር ይሆናል። በአንጻሩ ዝቅተኛው መጠን ከንፈርንና ቆዳን ብዙም አያደርቅም። ምርጫው የሐኪሙ ቢሆንም ወጪውን የሚሸከመው በሽተኛው ስለሆነ ሁለቱም መንገዶች ከነዋጋቸው ፊቱ ሊቀርቡለት ይገባል። እኛ ስንጠይቅ ሐኪሟ በደስታ ተወያይተውበታል፤ ካልጠየቁ ግን አይነገርም።

ሌላው የገንዘብ ጉዳይ የሆነው፣ ምናልባትም አንባቢ የማይጠብቀው፣ ጾም ነው። አይሶትሬቲኖይን በስብ የሚሟሟ መድኃኒት በመሆኑ በባዶ ሆድ ሲዋጥ ሰውነት የሚቀበለው መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ሐኪሟ እህቴ እንደምትጾም ሲያውቁ እንክብሉን ጠዋት በውኃ ብቻ እንዳትውጠው፣ ጾሟን ከፈታች በኋላ በዘይት ከተሠራ ወጥ ጋር በምሳ ወይም በእራት ሰዓት እንድታደርገው አዘዟት። በዐቢይ ጾም ሰሞን በባዶ ሆድ የሚዋጥ እንክብል አንዱ ወደ 70 ብር የሚጠጋ ዋጋ እያለው ገሚሱ ሳይሠራ የሚወጣ ነው። ይህንን በመድኃኒቱ ማሸጊያ ውስጥ በደቃቅ የባዕድ ፊደል ከተጻፈው ወረቀት ሳይሆን ከሐኪም አፍ መስማት ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ስለ እንክብሉ ዋጋ ክሊኒኩን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። መድኃኒቱ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለሄደ የገቢ ዕቃ ሁሉ ዋጋ ተከትሎት ወጥቷል። አንዳንድ ጊዜም ፓኬቱ ከገበያው ጨርሶ ይጠፋል። የከተማ አስተዳደሩን ከነማ ፋርማሲዎችና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን ማየት ልማድ ማድረግ ይገባል፤ እኛ ዶክሲሳይክሊኑን በዚያ መንገድ ከሌላው ቦታ ባነሰ ዋጋ አግኝተነዋል። አይሶትሬቲኖይኑን ግን ሁልጊዜ አይዙትም። የአንድ ዓመቱን በአንድ ጊዜ ገዝቶ ማስቀመጥ ዋጋው ሳይጨምር ለመቅደም ጥሩ ዘዴ ቢመስልም አልመክረውም፤ መጠኑ በመሃል ሊቀየር ወይም መድኃኒቱ ሊቆም ይችላል፣ የተሸጠ መድኃኒትም አይመለስም።

የደረሰኙ አጻጻፍ ራሱ አንድ ነገር አስተምሮኛል። በእንክብሉ ላይ ያልተጨመረው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት መታጠቢያው፣ በማለስለሻውና በፀሐይ መከላከያው ላይ ተጨምሮ ነበር። ሐኪሟ በአንድ ማዘዣ ወረቀት ላይ አብረው የጻፏቸው ነገሮች ገሚሶቹ መድኃኒት፣ ገሚሶቹ መዋቢያ መሆናቸውን ግብሩ ለይቶ አሳየኝ ማለት ነው። መዋቢያ ናቸው ማለት አያስፈልጉም ማለት አይደለም። የፀሐይ መከላከያ በእኛ ቆዳ ላይ ብጉር ጥሎት የሚሄደው ጥቁረት እንዳይበረታ ይረዳል፤ አይሶትሬቲኖይን የሚወስድ ሰውም ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ይጎዳል። ነገር ግን በእነዚህ ላይ ከፈረንሳይ የመጣውን ትቶ ሌላውን፣ ትልቁን ትቶ ትንሹን የመምረጥ ነፃነት አለ። ለከንፈር ድርቀት ተራ ቫዝሊን ከማንኛውም ውድ የከንፈር ቅባት እኩል ሠርቷል። በመዋቢያው በኩል በጠቅላላው 5,000 ብር ወጥቷል፤ በመጀመሪያ የተሰጠን ዝርዝር እንዳለ ቢገዛ ግን ከዚያ እጅግ ያልፍ ነበር።

ወደ ላቦራቶሪው ስንመጣ ቅሬታዬ ይጠነክራል። እንክብሉ ከመጀመሩ በፊት የጉበት ኢንዛይምና የደም ስብ ምርመራ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ ሁለቱንም ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ከተጀመረ በኋላም በድጋሚ ይታያል። ከእንግዳ ተቀባይዋ የተሰጠን የታተመ ዝርዝር ግን ከእነዚህ በተጨማሪ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የታይሮይድ፣ የቫይታሚንና የኩላሊት ምርመራን ሁሉ የያዘ፣ ዋጋውም 4,300 ብር ነበር። ዝርዝሩን ይዤ ተመልሼ ለዚህ መድኃኒት ሁሉም ግድ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሟ እስክሪብቶ አንሥተው ከጉበቱና ከደም ስቡ በስተቀር ሌላውን ሰረዙት፤ ሒሳቡም ወደ 1,600 ብር ወረደ። ከሁለት ወር በኋላ የተደገመውም በዚያው ዋጋ ነበር፤ ውጤቱ ደኅና ስለሆነ ከዚያ ወዲያ በየወሩ ደም መስጠት አላስፈለገም። የታተመው ዝርዝር የሐኪሟ ሳይሆን የቤቱ መሆኑን የተረዳሁት በዚያን ጊዜ ነው። ይሉኝታ ይዞት የማይጠይቅ ሰው በሁለቱ ምርመራ ብቻ 5,400 ብር በከንቱ ይከፍላል።

በየወሩ መደገም ያለበትና በ150 ብር የሚያልቅ አንድ ምርመራ ግን አለ፤ እርሱም የእርግዝና ምርመራ ነው። አይሶትሬቲኖይን በጽንስ ላይ ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት ያመጣል። ስለዚህ ልትወስደው የምትችል ሴት ከመጀመሯ አንድ ወር በፊት፣ በምትወስድበት ጊዜ ሁሉና ካቆመች በኋላ ለአንድ ወር ማርገዝ የለባትም፤ መድኃኒቱ በሚወሰድበት ጊዜና ከቆመ በኋላ ባለው አንድ ወር ደም መለገስም አይፈቀድም። ክሊኒኩን የማመሰግንበት ትልቁ ነገር ይህንን የያዘበት መንገድ ነው። ሐኪሟ እኔን «እባክዎ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ብለው ከእህቴ ጋር ለብቻቸው ተነጋገሩ። ያላገባች ልጅ ታላቋ ባለበት እውነቱን እንድትናገር መጠበቅ ሞኝነት ስለሆነ ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ስሜቷ ቢከፋ፣ እንቅልፍ ቢያሳጣት ወይም ከባድ ራስ ምታት ቢይዛት ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትደውልም ነገሯት፤ ለዚያ ስልክ ካርድ አላስከፈሉም። ይኸው መድኃኒት ያለ ማዘዣ ከሚሸጥበት ቦታ ሄዶ በራስ ፈቃድ መጀመር 5,600 ብር የካርድ ወጪ ሊያድን ይችላል፤ የሚያስከትለው ግን በብር የሚተመን አይደለም።

አሁን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የማሽን ክፍል ልሂድ። ከመጀመሪያው ቀጠሮ ስንወጣ አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ሠራተኛ የእህቴን ፊት በስልክ ፎቶ አንሥታ፣ ስድስት ጊዜ የሚሠራ የፒሊንግ (የላይኛውን ቆዳ በኬሚካል የመላጥ) እና የፊሻል (ፊትን የማጽዳትና የመንከባከብ) ፓኬጅ በ15,000 ብር አቀረበችልን፤ ዛሬ ከከፈልን አንዱ በነፃ እንደሚሆንም ጨመረችበት። በሠራተኛዋ አልፈርድም፤ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው። ነገር ግን ብጉሩ ገና እየወጣ ባለበት ሰዓት ጥቁረትንና ጠባሳን ለማጥፋት መክፈል የሚያፈስ ጣራ ሳይደፈን ግድግዳ እንደ መቀባት ነው። ቀላል ፒሊንግ ለጥቁር ነጥብ የተወሰነ እርዳታ ሊሰጥ ይችላል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ በአግባቡ ካልተሠራ ግን ራሱ አዲስ ጥቁረት ይጥላል። ከሁሉም በላይ እህቴ አይሶትሬቲኖይን ልትጀምር ትችል የነበረች በመሆኗና በዚያ መድኃኒት ላይ ያለ ቆዳ ስስ ስለሚሆን ጠንካራ ፒሊንግና ሌዘር መቆየት እንዳለባቸው ሐኪሟ ራሳቸው በኋላ ነግረውናል። ከፍለን ቢሆን ኖሮ ፓኬጁ ገሚሱ ሳይሠራ ጊዜው ያልፍበት ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር ሐኪሟ ቆዩ የሚሉትን የማሽን ክፍሉ ዛሬውኑ ክፈሉ የሚል ከሆነ ሁለቱ ክፍሎች አይነጋገሩም ማለት ነው።

ሒሳቡን ስዘጋው፦ የመጀመሪያው ዙር 4,200፣ እንክብሉ ከውጭ ፋርማሲ ተገዝቶ 22,550፣ ካርዱ 5,600፣ የደም ምርመራው 3,200፣ የእርግዝና ምርመራው 1,200፣ መዋቢያው 5,000፣ በድምሩ 41,750 ብር ነው። ፓኬጁን ብንገዛ፣ የላቦራቶሪውን ዝርዝር እንዳለ ብንቀበልና እንክብሉን ከክሊኒኩ ፋርማሲ ብንወስድ ኖሮ 66,000 ብር ይደርስ ነበር። የፊቷ ውጤት በሁለቱም መንገድ ያው እንደሚሆን አልጠራጠርም።

41,750 ብር ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ገንዘብ ስለሆነ አማራጩን ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ሆኖ የተቋቋመ፣ ዛሬ ደግሞ በአገሪቱ የቆዳ ሐኪሞች ከሚሠለጥኑባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ ነው። በቆዳ ላይ ያለው ልምድ ከየትኛውም የግል ክሊኒክ የሚተናነስ አይደለም፤ ካርዱም ከግሉ ጋር የማይወዳደር ርካሽ ነው። የሚከፈለው በጊዜ ነው፤ ጠዋት በማለዳ ተገኝቶ መሰለፍ፣ ሲያስፈልግም ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ማምጣት ይጠይቃል። አንዳንዶች «ሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሄዱ እንዳንባል» ብለው እንደሚርቁት እሰማለሁ፤ በዚህ ምክንያት 700 ብር መክፈል ለኔ ትርጉም አይሰጠኝም። እንክብሉን ግን በመንግሥት ሐኪም የታዘዘለትም ሰው ብዙ ጊዜ ከግል ፋርማሲ ስለሚገዛ የወጪው ትልቁ ክፍል በዚያም በኩል አይቀርም። ቀላል ብጉር ያለበትና ጊዜ ያለው ሰው ከዚያ ቢጀምር ይሻላል። እንደ እህቴ በየወሩ በአንድ ሐኪም መታየት ያለበትና ከትምህርት መቅረት የማይችል ሰው ለግሉ የሚከፍለው ምክንያት አለው።

እንክብሉ ካለቀ በኋላ የእህቴ ፊት ጠርቷል፤ የቆዩት ጉድጓዶች ግን አሉ። በጥቂት ሰዎች ላይ ብጉሩ ተመልሶ ሁለተኛ ዙር እንደሚያስፈልግ ሐኪሟ ሳይደብቁ ነግረው፣ እንዳይመለስ ማታ ማታ አዳፓሊን መቀባቷን እንድትቀጥል አዘዋል። እንግዳ መቀበያው በበኩሉ ለዚሁ ዓላማ ወርሃዊ ፊሻል አቅርቦልን ነበር፤ አልተቀበልንም። የአዳፓሊኑ አንድ ቱቦ 1,100 ብር ነው፤ በተባለው መጠን ከተቀባ ከሁለት ወር በላይ ይበቃል። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ 0.1 በመቶው አዳፓሊን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ በሻንጣ ሊያስመጣው ይችላል። ሐኪሟ በመጨረሻው ካርድ ላይ ለስድስት ወር የሚበቃውን ማዘዣ በአንድ ጊዜ ጻፉልን፤ በየወሩ ካርድ እየታደሰ እንዳይወሰድ መሆኑን ባይናገሩትም ገብቶናል።